ትኩሳቱ ሲወርድ፦ ደንጊ እና የልጆች አንጎል

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደንጊ ነው፤ በተለይ በልጆች አንጎል ላይ ስለሚያመጣው ጣጣ።

ደንጊ እዚህ እስራኤል በአብዛኛው ከጉዞ ይዘነው የምንመጣው በሽታ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ከተረጋገጠ ወዲህ በሶማሌና በአፋር ቆላዎች ተመላልሷል። የሚያስተላልፈው ትንኝ ሙቀት ይወዳል፣ የሚናከሰውም በቀን ነው። ስለዚህ ደጋው ጎንደር አያት ጠይቆ የመጣ ልጅ ስጋቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ድሬዳዋ ወይም ታይላንድ የሰነበተ ግን ሌላ ነገር ነው።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ከጉዞ በተመለሱ በሳምንቱ ልጁ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይወርዳል። አያት «ተመስገን፣ ላብ ወጣለት፣ ይተኛ» ይላሉ። ጉንፋን ቢሆን ልክ ናቸው። ደንጊ ላይ ግን አደገኛው ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። አብዛኞቹ ልጆች በሰላም ያልፉታል። በአንዳንዶቹ ግን የደም ሥሮች ፈሳሽ ማፍሰስ ይጀምራሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ከቀነሰ አንጎል ሊያብጥ ይችላል። ጉበት ከተጎዳም ልጁ ይፈዛል። ፕላትሌት ሲያንስ ደግሞ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ጭንቅላት ውስጥ መድማት አለ። ቫይረሱ ራሱ አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚያስቆጣበት ጊዜም አለ። ሕመሙ ካለፈ በኋላ እግር የሚዝልባቸውም አሉ፤ ይሄ ብርቅ ነው፣ ግን ሐኪም ማየት አለበት።

ስለዚህ «ተኝቷል» ብላችሁ አትለፉ። ቀስቅሱት። በስሙ ጥሩት፣ ያውቃችኋል? ካልነቃ፣ ከቀባዠረ ወይም ካንቀጠቀጠው 101 ደውሉ። ማስመለሱ ካላቆመ፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ድዱ ከደማ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ ወይም ሽንቱ ከጠፋ ትኩሳት የለውም ብላችሁ ሳትዘናጉ ወደ ሚዩን ውሰዱት።

መድኃኒት ላይ፦ ለትኩሳቱ አካሞል፣ በክብደቱ ልክ። ጉበቱ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል «ትንሽ ልጨምርለት» አይሠራም። ኑሮፈንና አስፕሪን ግን መድማትን ያባብሳሉና ደንጊ ከተጠረጠረ አይሰጡም። (መሳቢያችን ውስጥ ቀድሞ የሚገኘው ኑሮፈን መሆኑን አውቃለሁ።) ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ሐኪም ቤት የሚሠራው ፈሳሹን መመጠን ነው፤ ካነሰ ግፊቱ ይወድቃል፣ ከበዛ ሳንባው ውኃ ይይዛል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የማይሞከረው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ብዙዎቻችን በኩፓት ሆሊም የቤተሰቡ አስተርጓሚዎች ነን። እማማ «ልጁ ፈዘዘብኝ» ሲሉ እኛ «ሁ አየፍ» ብለን እንተረጉማለን። ሐኪሙ የሚሰማው ደክሞታል የሚል ነው፤ እሳቸው ያሉት ግን እሱን አይደለም። «መቡልባል» በሉ፤ ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነ «ሎ መጊቭ» በሉ። ከዚያ ሳትጠየቁ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ከየት አገር እንደመጣ፣ መቼ እንደተመለሰ፣ ትኩሳቱ በስንተኛው ቀን እንደወረደ።