ብቸኛው ጠበቃ፦ የወረዳ ከተሞች የጥብቅና ሥራና የሥነ ምግባር ፈተናዎቹ

ስለ ጠበቃ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው አዲስ አበባን ነው፤ የልደታውን ችሎት፣ በርካታ ባለሙያዎችን የያዙ ቢሮዎችን፣ የኩባንያ ውልና የባንክ ክርክርን። አብዛኛው የአገሪቱ ሕዝብ ግን ፍርድ ቤትን የሚያውቀው በወረዳ ከተማ ነው። የተገፋ ድንበር፣ የእርሻ መሬት ኪራይ፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ የልጅ ቀለብ፣ ከብት ያጠፋው ሰብል ካሣ፣ የድብደባ ክስ፤ የዕለት ተዕለቱ መዝገብ ይህን ይመስላል። እዚያ ጠበቃ ከተገኘም አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ነው። ክሱን የሚያረቅቀውም፣ መዝገቡን የሚያደራጀውም፣ ሒሳቡን የሚይዘውም ራሱ ነው።

የጥብቅና ሥነ ምግባር ደንቦች በአብዛኛው በአንድ ግምት ላይ ይቆማሉ። ጠበቃው በጥቅም ግጭት፣ በዕውቀት ማነስ ወይም በጊዜ እጥረት ጉዳዩን ቢመልስ፣ ደንበኛው ሌላ ጠበቃ ጋር ይሄዳል የሚል ግምት ነው። በብዙ ወረዳዎች ያ ሌላ ጠበቃ የለም። ስለዚህ ለከተማው ጠበቃ ቀላል የሆነው «ይህን ጉዳይ አልይዝም» የሚል መልስ፣ በወረዳ አንድን ሰው ያለ ተከራካሪ ችሎት ፊት ያቆመዋል። ይህ ዳሰሳ የሚከተሉትን ፈተናዎች የሚያየው ከዚህ እውነት ተነስቶ ነው።

የሕጉ ማዕቀፍ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20(5) የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመክፈል አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘትን መብት በአጠቃላይ ያረጋግጣል። በፌዴራል ደረጃ ጥብቅናን ለረጅም ጊዜ የገዛው አዋጅ ቁጥር 199/1992 ሲሆን፣ የሥነ ምግባር ደንቡ ቁጥር 57/1992 ነበር። ይህ ደንብ ጠበቃው በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆችን ማኅበር በሕግ አቋቋመ፤ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲመሠርቱም በር ከፈተ።

ክልሎች ደግሞ በየራሳቸው ሕግ ፈቃድ ይሰጣሉ። በፌዴራሉ አዋጅ የመጣው ለውጥ በቀጥታ የሚነካው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠራውን ጠበቃ ነው። የድርጅት ሐሳብም አጋር የሚሆን ባለሙያና ወጪውን የሚሸፍን ገበያ ይፈልጋል። ባለ አንድ ጠበቃ ወረዳ ሁለቱም ስለሌሉት እዚያ ያለው ባለሙያ ዛሬም ብቻውን ነው።

ቀጠሮ፣ መንገድና ቋንቋ

የወረዳ ጠበቃ ደንበኞቹ በተለያዩ ቀበሌዎች፣ መዝገቦቹም በተለያዩ ወረዳዎች ይበተናሉ። ይግባኙ ዞን ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለት ቀጠሮ በአንድ ቀን ከገጠመው ወይም መንገዱ በዝናብ ከተቋረጠ መዘዙ ከባድ ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ከሳሽ ሲቀር መዝገቡ ሊዘጋ፣ ተከሳሽ ሲቀር ክርክሩ በሌለበት ሊቀጥል ይችላል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ለይግባኝ የተሰጠው 60 ቀን ሩቅ ቢመስልም፣ የፍርዱን ግልባጭ ለማውጣት፣ ደንበኛውን ለማግኘትና ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲባል ፈጥኖ ያልቃል። ቀጠሮን በማስታወስ ችሎታ ላይ የተወ ጠበቃ አንድ ቀን ደንበኛውን መጉዳቱ አይቀርም። የቀጠሮ መዝገብ መያዝና በሕመም ወይም በመንገድ ምክንያት ሲቀር የሚተካውን ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት የሥነ ምግባር ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዕውቀትን ማደስም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ይገዛል። ውሳኔዎቹ በቅጽ እየታተሙ ሲወጡ ቆይተዋል። ስለ አንድ የውርስ ወይም የመሬት ጉዳይ የተሰጠውን የቅርብ ትርጉም ያላነበበ ጠበቃ ደንበኛውን በተሻረ መንገድ ይመራዋል። የገጠሩ ጠበቃ በዚያ ላይ ሁሉንም ዓይነት ጉዳይ ይይዛል። ጠዋት በፍቺ፣ ከሰዓት በነፍስ ግድያ፣ ማግስቱን በግብር ይቆማል። ሕጉን በዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ ይሟገታል። ጉዳዩ የማያውቀው ሲሆን ሊያደርግ የሚገባው ነገር ግልጽ ነው፤ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለደንበኛው መናገር፣ ከሚያውቅ ባልደረባ መመካከር፣ ለመማርም ጊዜ መውሰድ። የሚመካከረው ባልደረባ የሚገኘው ግን ማኅበሩ ወይም ጓደኝነቱ እስከዚያ ድረስ ከደረሰ ብቻ ነው።

ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ

በትንሽ ከተማ የጥቅም ግጭት የዕለት ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት ለባል ውል ያዘጋጀ ጠበቃ ዘንድሮ ሚስት ለፍቺ ትመጣበታለች። በወንድማማቾች የውርስ ክርክር አንዱ የክርስትና ልጁ፣ ሌላው የዕድሩ ጸሐፊ ይሆናሉ። ተከሳሹ የቤቱ አከራይ ሊሆን ይችላል። ከዚህም የሚብሰው ሰዎች ጉዳያቸውን ቢሮ ሳይመጡ መናገራቸው ነው። በለቅሶ ቤት፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም ከመስጊድ መልስ አንዱ ወገን ምስጢሩን ያወራዋል። በሳምንቱ ሌላው ወገን ሊቀጥረው ይመጣል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከመስማት በፊት በመጠየቅ ነው። «ከማን ጋር ነው ክርክሩ?» የሚለው ጥያቄ ከዝርዝሩ መቅደም አለበት። ጠበቃው የቀድሞና የአሁን ደንበኞቹን ስም፣ ባላጋራዎቻቸውንና የጉዳዩን ዓይነት የያዘ ቀላል መዝገብ ቢኖረው ብዙ ስሕተት ይቀራል። በአንድ ክርክር ሁለት ተቃራኒ ወገኖችን መያዝ በፈቃድም ቢሆን የማይታረም ጥፋት ነው። ዝምድና ወይም የቀድሞ ትውውቅ ብቻ ሲሆን ግን ነገሩን ለደንበኛው በግልጽ አስረድቶ ፈቃዱን በጽሑፍ መቀበል ይቻላል። ሰዎች የሚያምኑት የማያውቃቸውን ጠበቃ ብቻ አይደለም፤ ዝምድናውን ሳይደብቅ የነገራቸውንም ያምናሉ።

አንድ ተጨማሪ ሁኔታ በየዓመቱ እየሰፋ ነው። በዋሽንግተን፣ በጅዳ ወይም በቤይሩት ያለ ልጅ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ይልካል፤ ለእናቱ የቤት ወይም የመሬት ክርክርም ገንዘቡን ይከፍላል። ከፋዩ ልጅ ነው፤ ደንበኛዋ እናት ናት። ልጁ ክርክሩ እንዲቀጥል፣ እናት በዕርቅ እንዲያልቅ ሲፈልጉ ጠበቃው የሚታዘዘው ለደንበኛዋ ለእናት ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ለሁለቱም መናገር አለበት።

ምስጢር በጽሕፈት ቤት

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ማውጣት ወንጀል አድርጎታል፤ ጠበቆችም ከተዘረዘሩት ባለሙያዎች መካከል ናቸው። በተግባር ግን ምስጢር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በአሠራር ነው። ክሱ የሚተየበው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የባላጋራው መልስም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ፋይሉ በፍላሽ ይዞራል፤ ማስረጃው በቴሌግራም ይላካል። ደንበኛው የሚናገረው በስስ ግድግዳ ማዶ ተራ የሚጠብቅ ጎረቤቱ እየሰማው ነው። የአስገድዶ መድፈር ተጎጂ ወይም የኤች አይ ቪ ውጤቱን እንደ ማስረጃ ያቀረበ ሰው በትንሽ ከተማ ስሙ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም።

ራሱ መተየብ የማይችል ጠበቃ ቢያንስ ከአንድ የታመነ ጽሕፈት ቤት ጋር ተስማምቶ ሰነዱ ከታተመ በኋላ ከኮምፒውተሩ መጥፋቱን ማየት ይኖርበታል። የስልኩን መቆለፊያ፣ የመዝገብ ሳጥኑን ቁልፍ፣ ደንበኛን ለብቻ የሚያናግርበትን ሰዓት ማሰብ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ በድንገት ቢታመም ወይም ቢሞት መዝገቦቹ ለማን ይደርሳሉ? ዋና ሰነዶችን ለደንበኛ መልሶ ቅጂ መያዝና መዝገቦቹን የሚረከብ ባልደረባ በጽሑፍ መሰየም ይህን ይመልሳል።

ገንዘብ በመኸር ጊዜ

የገበሬ ደንበኛ ገንዘብ የሚያገኘው ምርት ሲሰበስብ ነው። ክርክሩ ግን ወቅት አይጠብቅም። ስለዚህ ክፍያ በከፊል፣ በዱቤ፣ ከሚፈረደው ላይ በመቶኛ፣ አንዳንዴም በእህል ወይም በከብት ይሆናል። ችግሩ የክፍያው ዓይነት ሳይሆን ያልተጻፈ መሆኑ ነው። ደንበኛው ማንበብ የማይችል ከሆነ ውሉ በሚሰማው ቋንቋ ተነቦለት፣ ምን እንደሚጨምርና እንደማይጨምር ታውቆ መፈረም ይኖርበታል። ይግባኙ ይካተታል? የዳኝነትና የመጓጓዣ ወጪው የማን ነው? ዕርቅ ቢወርድ መቶኛው ስንት ይሆናል? በተለይ የመሬት ይዞታ ለቤተሰቡ ብቸኛ መተዳደሪያ በሚሆንበት ቦታ፣ ከውጤቱ ትልቅ ድርሻ የሚወስድ ውል ደንበኛውን አሸንፎም ደሃ ያደርገዋል።

ለዳኝነት፣ ለካሣ ወይም ለዕርቅ የተቀበሉት የደንበኛ ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ተለይቶ መቀመጥና በደረሰኝ መያዝ አለበት። ለልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ተበድሬ እመልሰዋለሁ ብሎ መንካት የብዙ ሙያ ሕይወት የተበላሸበት መንገድ ነው። አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድህነት ክስ የማቅረብ መንገድ ሰጥቷል። ይህን መንገድ ለደንበኛ አለመንገር ክፍያውን ያበዛ እንደሆነ እንጂ ጥብቅና አይሆንም።

ዳኛው፣ ጉዳይ አስፈጻሚውና ምስክሩ

በወረዳ ከተማ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው አንድ ምግብ ቤት ይበላሉ፤ በአንድ ማኅበር ይገናኛሉ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ባላጋራው ከሩቅ ሲያይ ፍርዱ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። በፍርድ ቤት ደጅ የሚዞሩ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ይህን ጥርጣሬ ይነግዱበታል፤ ዳኛውን እናውቃለን ብለው ገንዘብ ይሰበስባሉ። ለእነሱ ደንበኛ ላመጡበት ድርሻ የሚከፍል ጠበቃ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ የዚህ ንግድ አጋር ይሆናል። የወረዳ ጠበቃ በቀጠሮ ያለ መዝገብ ጉዳይ ከችሎት ውጭ ከዳኛ ጋር አለማንሳቱ ለራሱም ለዳኛውም ጥበቃ ነው።

ምስክርን ማዘጋጀትም ጠባብ መንገድ ነው። ለምስክሩ የችሎቱን ሥርዓት ማስረዳትና የሚያውቀውን በቅደም ተከተል እንዲናገር መርዳት ተገቢ ነው። ያላየውን ማስጠናት ግን በመንደር ውስጥ ለትውልድ የሚተርፍ ቂም ይዘራል።

ሽምግልናና ጠበቃው

አብዛኛው የገጠር ክርክር መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ የተሠራበት የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ራሱ የይዞታ ክርክር አስቀድሞ በውይይትና በስምምነት እንዲፈታ ይጠብቅ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በቤተሰብና በግል ጉዳይ የሃይማኖትና የባህል ፍርድ ቤቶችን በተከራካሪዎች ፈቃድ ይቀበላል። ጥሩ ጠበቃ ዕርቅን እንደ ገቢ ጠላት አያይም። ደንበኛው ዓመት ከሚፈጅ ክርክር በአንድ ሳምንት ሽምግልና የተሻለ እንደሚያገኝ ካየ ይህን መንገር ግዴታው ነው። ጥንቃቄውም ያንኑ ያህል ነው። የጠለፋ፣ የድብደባ ወይም የውርስ ጉዳይ በሽምግልና ሲያልቅ ሴቶችና ሕፃናት ድርሻቸውን በዝምታ የሚያጡበት ጊዜ አለ። ጠበቃው ዕርቁ የማን ፈቃድ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ስምምነቱ ሲጻፍም ሕጋዊ ውጤቱን ማስረዳት ይገባዋል።

ጠበቃ ለሌለው ሰው

ጠበቃ በሌለበት ቦታውን የሚሞላው ለባለጉዳዮች ክስና ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ነው። ብዙዎቹ ልምድ ያላቸውና ለድሃ የሚደርሱ ናቸው። ሆኖም በመጀመሪያው ክስ ላይ የተረሳ ጥያቄ ወይም የተሳሳተ ተከሳሽ በኋላ በጠበቃም አይስተካከልም። በወንጀል ጉዳይ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች አሉ፤ ወረዳ ድረስ መድረሳቸው ግን ሕገ መንግሥቱ ከገባው ቃል ወደኋላ የቀረ ነው።

ርቀቱን ማሸነፍ እንደሚቻል ያሳዩ ሥራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተውና መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑበት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የአርሲ ገጠር ታዳጊን ወክሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ታሪኩን «ድፍረት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም አሳይቷል። የሐረማያን ጨምሮ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያንቀሳቅሷቸው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም በአካባቢያቸው ወሳኝ ክፍተት ይሞላሉ።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በገጠር ለአምስት ዓመት ለመሥራት ለሚስማሙ ጠበቆች በየዓመቱ ገንዘብ የሚከፍል መርሐ ግብር ጀምሯል። ወጪውን ግዛቱ፣ የአካባቢው አስተዳደርና የጠበቆች ማኅበሩ ይጋራሉ። ከዚህ ልንወስድ የሚገባን ትምህርት መንግሥት ሐኪምንና መምህርን ወደ ገጠር እንደሚልክ ሁሉ ለጠበቃም የማሰብ ኃላፊነት እንዳለበት ነው።

ግለሰቡ ሊሸከመው የሚገባና የማይገባ

ከላይ ከታዩት ብዙዎቹን ጠበቃው ራሱ ሊያደርጋቸው ይችላል። የጽሑፍ ውል፣ የቀጠሮና የደንበኛ መዝገብ፣ የተለየ ሒሳብ፣ ከመስማት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ፣ መዝገቡን የሚረከብ ባልደረባ፤ እነዚህ ከወረቀትና ከቆራጥነት በላይ አይጠይቁም። ሳያደርጋቸው ቀርቶ በድህነት ወይም በርቀት ማመካኘት የለበትም።

ሁለተኛውን ጠበቃ ወደ ወረዳው ማምጣት ግን የእሱ ሥራ አይደለም። የክልል ጠበቆች ማኅበራት በስልክ የሚያማክር ልምድ ያለው ባልደረባ ሊመድቡና የሰበር ውሳኔዎችን በየሥራ ቋንቋው ሊያደርሱ ይችላሉ። ፍርድ ቤቶች ተዘዋዋሪ ችሎትንና በፕላዝማ (በቪዲዮ) የሚካሄድ ክርክርን ማስፋት፣ ከሩቅ የሚመጡ ተከራካሪዎችን ቀጠሮም በአንድ ቀን ማሰባሰብ ይችላሉ። ክልሎች ወረዳ ወርደው ለሚሠሩ ጀማሪ ጠበቆች ቢሮና የመነሻ ድጋፍ ቢሰጡ፣ የጥቅም ግጭት ሲገጥምም ከጎረቤት ወረዳ የሚጠራ ጠበቃ ወጪ ቢሸፍኑ፣ «አልይዝም» የሚለው ሐቀኛ መልስ ማንንም ያለ ተከራካሪ አያስቀርም። ሕገ መንግሥቱ የፍትሕን መብት የሰጠው ለአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው። መብቱ ወረዳ ድረስ እንዲደርስ፣ ከጠበቃው ሥነ ምግባር የምንጠይቀውን ያህል ለሙያው አቅም ልንመድብለት ይገባል።