«ተኔሸስ»፦ የያዘውን የማይለቅ

በነርሲንግ ትምህርት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በሁለት መልክ ያጋጥመኛል፦ «ተኔሸስ»። ማመልከቻ ስንጽፍ ራሳችንን እናሞግስበታለን። የታካሚ መዝገብ ላይ ሲሆን ግን ወፍራምና የሚያጣብቅ፣ በሳል በቀላሉ የማይወጣ አክታን ይገልጻል።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው የቃሉ ምንጭ ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «መያዝ» ማለት ነው። አክታው የአየር ቧንቧን ይዞ አይለቅም፤ ሰውየውም ዓላማውን ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስመልሰው «የያዘውን የማይለቅ» እላለሁ።

በአማርኛም ሁለት ፊት ያለው ቃል አለን፦ «ጽኑ»። ጽኑ እምነት፣ ጽኑ ፍቅር እንላለን። አይ ሲ ዩ ደግሞ «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» ይባላል። ሰውም ሕመምም ሊጸና ይችላል።

«ተኔሸስ» እና «ግትር» ግን አንድ አይደሉም። ግትር ሰው ሌላ መንገድ ብታሳዩትም አይሰማም። ተኔሸስ ሰው ግቡን ባይለቅም መንገዱን ይቀይራል። አበበ ቢቂላን አስቡት። በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ በኦሎምፒክ ማራቶን አሸነፈ። በ1969 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) የመኪና አደጋ ደረሰበትና እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር በዊልቼር ሆኖ በቀስት ውድድር ተሳተፈ። መሮጡ ቀረ፤ መወዳደሩ አልቀረም።

ለኛ ለነርሲንግ ተማሪዎች ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስትሮክ የደረሰባቸው አንዲት እናት «ራሴ እቆማለሁ» እያሉ ደጋግመው ከአልጋ ለመነሣት ቢሞክሩ፣ መውደቅ ስላለ ያሰጋል። ለተረኛዋ ነርስ «ግትር ናቸው» ብለን ካስረከብን ለክርክር ተዘጋጅታ ትገባለች። «ለመቆም ቆርጠዋል፣ ብቻቸውን ግን አይችሉም» ካልን ግን መደገፊያ ቀበቶና ረዳት ይዛ ትገባለች። ሴትየዋ ያው ናቸው፤ የሚያገኙት እንክብካቤ ግን ይለያያል።

በመጨረሻ አንድ ምክር፦ ማመልከቻ ላይ «ተኔሸስ ነኝ» ብላችሁ አትለፉት። ምን ይዛችሁ እንዳልለቀቃችሁ ጻፉ። ማታ ማታ እየሠራችሁ የከበዳችሁን ኬሚስትሪ ደግማችሁ ወስዳችሁ ካለፋችሁ፣ እሱን ተናገሩ። ቃሉን አንባቢው ራሱ ይሰጣችኋል።