የሕፃናት ዜማ ጨለማ ትርጓሜና የተማሪዎች ፎቶግራፍ

በእንግሊዝ አገር እናቶችና ሞግዚቶች ሕፃን ሲያስተኙና ሲያጫውቱ የሚያዜሟቸው አጫጭር ግጥሞች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ቃላቸው ቀላል፥ ዜማቸውም ለጆሮ የሚጥም ስለ ሆነ፥ ሕፃኑ አፉን በፈታ ጊዜ ወዲያው ያጠናቸዋል። ነገር ግን ቃሉን ቀስ ብሎ የመረመረ ሰው የሚያገኘው ነገር ሌላ ነው። በአንደኛው ዜማ የሕፃን አልጋ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከነሕፃኑ ይወድቃል፤ በሌላው አንዲት ሴት የዕውራን አይጦችን ጅራት በቢላዋ ትቆርጣለች፤ በሌላውም ልጅ የበዛባት አሮጊት ልጆቿን ያለ ዳቦ መረቅ ብቻ አጠጥታ፥ ገርፋ ታስተኛቸዋለች። ጆፍሪ ሃንድሊ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ በ1952 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 200 ያህል የታወቁ የሕፃናት ግጥሞችን መርምሮ፥ እኩሌቶቹ ለሕፃን ጆሮ የማይገባ ነገር፥ ይኸውም ሞት፥ ድብደባ፥ ስርቆትና ረኃብ የሚገኝባቸው መሆናቸውን ገልጦ ነበር።

በዚያው አገር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፎቶግራፍ ጥበብ እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ፈተና ይሰጥበታል። ኤ ኪው ኤ የሚባለው የፈተና ድርጅት ባወጣው ሥርዐት፥ ተማሪው ራሱ በመረጠው ርእስ ላይ ብዙ ወራት መርምሮ ፎቶግራፎችን ያዘጋጃል፤ ከፎቶግራፎቹም ጋራ ከ1000 እስከ 3000 ቃል የሚደርስ ጽሑፍ ያቀርባል። ይህ ሥራ ከጠቅላላው ነጥብ 60 በመቶውን ይይዛል፤ የቀረው 40 በመቶ ድርጅቱ ራሱ በሚሰጠው ርእስ የሚፈተንበት ነው። ተማሪዎች ደስ ብሏቸው ከሚመርጧቸው ርእሶች አንዱ ይኸው የሕፃናት ዜማ ጨለማ ትርጓሜ ነው። ለምን እንደሚመርጡት ማወቅ አያስቸግርም። ዐሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከሕፃንነቱ ሊወጣ በደጁ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ በሕፃንነቱ ያመነውን ነገር መለስ ብሎ ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል፤ ያታለለውንም ነገር ገልጦ ማሳየት ይወዳል።

ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ሥዕል ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በጽጌረዳ ዙሪያ እየዞሩ የሚያዜሙት፥ በመጨረሻውም ሁሉም በምድር ላይ የሚወድቁበት ጨዋታ ነው። የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በ1665 በለንደን ከተማ ታላቅ ቸነፈር ተነሥቶ ነበር፤ የጽጌረዳው ቀለበት በበሽተኛው ገላ ላይ የሚወጣው ቀይ ምልክት ነው፤ በኪስ የሚያዘው አበባ መጥፎውን ሽታ ለመከላከል ነው፤ ማስነጠሱ የበሽታው ምልክት፥ መውደቁም ሞት ነው ይላሉ። ተማሪውም ይህን ሰምቶ የደረቀ ጽጌረዳ ይሰበስባል፤ ለጓደኞቹ ነጭ ልብስ አልብሶ፥ ፊታቸውን በዱቄት አንጥቶ፥ ከበስተኋላቸው እንደ ወፍ ምንቃር ያለ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ያቆማል። ብርሃኑንም ከአንድ ወገን ብቻ አድርጎ ያነሣዋል። ሥዕሉ ያስፈራል፤ ያማረም ይሆናል።

ችግሩ ታሪኩ እውነት አለመሆኑ ነው። በ1665 በለንደን ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በቸነፈሩ እንደ ሞቱ በከተማው የሞት መዝገብ ተጽፏል፤ በዚያም ዓመት ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው ሹም የዕለት ማስታወሻውን ሳያቋርጥ ይጽፍ ነበር። እርሱ ግን ስለዚህ ዜማ አንድ ቃል አላነሣም። ዜማው በእንግሊዝ አገር በመጽሐፍ ታትሞ የተገኘው ሠዓሊዋ ኬት ግሪናዌይ በ1881 ባወጣችው የሕፃናት መጽሐፍ ነው፤ ይህም ከቸነፈሩ 216 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ደግሞም ማስነጠስ የዚያ ቸነፈር ዋና ምልክት አይደለም፤ በዜማው ብዙ ቅጂዎችም ማስነጠስ የሚባል ነገር አይገኝም። የቸነፈሩ ትርጓሜ ተጽፎ መታየት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ ገደማ ሲሆን፥ የሕፃናት ግጥሞችን መዝገበ ቃላት በ1951 ያዘጋጁት ባልና ሚስት አዮናና ፒተር ኦፒ ይህን ትርጓሜ አልተቀበሉትም።

ቅኔ የተማረ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይሆንም። በሰም ውስጥ ወርቅ መሰወር፥ ለቀላል ቃል ሌላ ምሥጢር መስጠት የታወቀ ነው። ነገር ግን ባለቅኔው ወርቁን ከሰሙ ውስጥ የሚያኖረው ዐውቆ ነው፤ የሚሰማውም ሰው ኅብረ ቃሉን ባገኘ ጊዜ ሰሙና ወርቁ ይለዩለታል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህርም «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ሲጨምር፥ ነገሩን ከማን እንደ ተቀበለው ይታወቃል፤ ከመምህሩ፥ መምህሩም ከመምህሩ ሰምቶታል። በእንግሊዝ የሕፃናት ዜማ ላይ የተጨመረው ትርጓሜ ግን አብዛኛውን ጊዜ መምህር የለውም። ካትሪን ኤልዊስ ቶማስ የምትባል ሴት በ1930 ባሳተመችው መጽሐፍ በየዜማው ውስጥ ያሉትን እንስሳትና ሰዎች ሁሉ የነገሥታትና የመኳንንት ምሳሌ አድርጋ ተርጉማለች። የብዙው ታሪክ ምንጭ ይህ መጽሐፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ ዛሬ ለተማሪው የተረጋገጠ ነገር ሆኖ ይደርሰዋል።

የሦስቱን ዕውራን አይጦች ዜማ መመልከት ይበቃል። ንግሥት ማርያም ቀዳማዊት ከ1553 እስከ 1558 በነገሠችበት ዘመን 280 ያህል ፕሮቴስታንቶች ስለ ሃይማኖታቸው በእሳት ተቃጥለዋል። ከነዚህም ውስጥ ላቲመርና ሪድሊ የተባሉት ጳጳሳት በ1555፥ ሊቀ ጳጳሳቱ ክራንመርም በ1556 በኦክስፎርድ ተቃጠሉ። ሦስቱ አይጦች እነርሱ ናቸው፥ ቢላዋ የያዘችውም ሴት ንግሥቲቱ ናት ይባላል። ነገር ግን ጳጳሳቱ ተቃጠሉ እንጂ ዓይናቸው አልጠፋም። ዜማውን በመጀመሪያ ያሳተመው ቶማስ ራቨንስክሮፍት ሲሆን ዘመኑም 1609 ነው፤ በርሱም መጽሐፍ ውስጥ ጅራት የተቆረጠ አይጥ የለም፤ የገበሬ ሚስትም የለችም። እንግዲህ ትርጓሜው ሁሉ የተሠራው ከብዙ ጊዜ በኋላ በገባ ቃል ላይ ነው። በኦክስፎርድ ብሮድ በሚባለው መንገድ መካከል ሰዎቹ የተቃጠሉበትን ስፍራ የሚያመለክት ከድንጋይ የተሠራ መስቀል በምድሩ ላይ አለ። ስለ ንግሥት ማርያም ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት የሚሻ ተማሪ አይጥ ሳያስፈልገው ያንን መስቀል ቢያነሣ ይበቃዋል።

የጥቁሩ በግ ዜማም በ1275 በሱፍ ላይ የተጣለውን ቀረጥ የሚነቅፍ ነው ይላሉ። ይህ ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነው ማለት አይቻልም፤ ቀረጡ ነበረና። ነገር ግን ግጥሙ ታትሞ የተገኘው በ1744 ገደማ ነው፤ በመካከሉ ባሉት 469 ዓመታት አንድ ምስክር አልተገኘለትም።

ከቅጥር ላይ ወድቆ የተሰበረውና የንጉሡ ወታደሮች ሊጠግኑት ያልቻሉት ሃምቲ ደምቲ የሚባለውም ነገር ሌላ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ግጥሙ በ1797 ሳሙኤል አርኖልድ ባሳተመው መጽሐፍ ይገኛል፤ በመሠረቱም «ምን ዐውቅልህ» እንደሚባለው ያለ እንቆቅልሽ ነበር፤ መልሱ እንቁላል ነው፤ ስለዚህ በግጥሙ ውስጥ እንቁላል የሚል ቃል አይገኝም። በ1871 ሉዊስ ካሮል ስለ አሊስ በጻፈው በሁለተኛው መጽሐፍ፥ ሠዓሊው ጆን ቴኒየል እግርና ክራቫት ያለው እንቁላል አድርጎ ሣለው። ከዚያ ወዲህ እንቆቅልሹ ሞተ፤ ሕፃኑ ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን በሥዕል ያያልና። በ1648 በኮልቸስተር ከተማ ከበባ ጊዜ ከግንብ ላይ የወደቀ መድፍ ነው የሚለው ታሪክም በኋላ የተጨመረ ነው። ሥዕል እንዲህ ያለ ኃይል አለው፤ የፎቶግራፍ ኃይል ደግሞ ከእጅ ሥዕል ይበልጣል፤ የሚያየው ሰው ነገሩ በእውነት በመሣሪያው ፊት ቆሞ እንደ ነበረ ስለሚያምን።

ይህንን ነገር ሰዎች ያወቁት ገና ፎቶግራፍ በተጀመረበት ዘመን ነው። ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን የተባለው እንግሊዛዊ በ1858 የቀይ ቆብ ለባሿን ልጅና የተኵላውን ተረት በአራት ፎቶግራፍ አሳየ፤ ዛሬ ተማሪዎች የሚሠሩት ሥራ ከርሱ ይወለዳል። በዚያው ዓመት አምስት ፎቶግራፎችን አጣምሮ፥ በቤተ ሰቧ መካከል በሕመም ልትሞት የተቃረበች ልጃገረድ የምትታይበትን ሥዕል አወጣ። እንደዚህ ያለው ነገር በቀለም ተሥሎ ቢሆን ማንም ባልተቈጣ ነበር፤ በፎቶግራፍ ስለ ሆነ ግን ብዙዎች የሰውን የግል ኀዘን ገልጦ ማሳየት ነውር ነው ብለው ነቀፉት። ልጂቱ በውነቱ ጤነኛ ነበረች፤ ሥዕሉም የተቀነባበረ ነበር። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ግን ወዶ ገዝቶታል።

ከዚህ በኋላ መጠየቅ የሚገባው፥ ተማሪው ጨለማውን ነገር ፈጽሞ ይተወው ወይ የሚለው ነው። መተው አይገባውም፤ ነገር ግን የሚፈልግበትን ስፍራ መለወጥ አለበት። በ1989 የፖርቱጋል ተወላጅ የሆነችው ሠዓሊ ፓውላ ሬጎ የእንግሊዝን የሕፃናት ዜማ በብረት ሠሌዳ ላይ እየቀረጸች በወረቀት አትማ አውጥታለች። እርስዋ ስለ ንግሥታትና ስለ ቸነፈር አላወራችም፤ የዜማውን ቃል እንዳለ ወስዳ፥ ቢላዋውን ቢላዋ፥ በጉንም በግ አድርጋ ሣለችው፤ ሥዕሎቿ የሚያስፈሩትም ስለዚህ ነው። ኦፒዎች እንዳሳዩት፥ ከነዚህ ግጥሞች ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ለሕፃን የተሠሩ አልነበሩም፤ ከመጠጥ ቤት ዘፈን፥ ከመንገድ ሻጮች ጥሪ፥ ከቴአትርና ከጥንት የፍቅር ዘፈን የተቈረጡ ናቸው። ሰክሮ የዘፈነው ሰው ሞተ፤ ዘፈኑ ግን በሞግዚቲቱ አፍ ለሕፃኑ ተረፈ።

እውነተኛው ጨለማ በግልጥ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሕፃናት ግጥሞች መጽሐፍ በለንደን በታተመበት ዘመን፥ በዚያችው ከተማ እናቶች የሚያሳድጉበት ስላልነበራቸው ልጆቻቸውን በየመንገዱ ይጥሉ ነበር። ቶማስ ኮራም የተባለ የመርከብ አዛዥ ይህን አይቶ አዘነ፤ ብዙ ዓመት ደጅ ጠንቶ በ1739 የተጣሉ ሕፃናት የሚያድጉበትን ቤት ለማቆም ከንጉሡ ፈቃድ አገኘ። ቤቱ በ1741 ሕፃናትን መቀበል ጀመረ። እናቲቱ አንድ ቀን ተመልሳ ብትመጣ ልጅዋን ለይታ እንድታገኘው ቁራጭ ጨርቅ፥ የተፋቀ ሳንቲም ወይም ሌላ ትንሽ ነገር ምልክት አድርጋ ትተው ነበር። ከ1756 እስከ 1760 ድረስ የመጣው ሕፃን ሁሉ እንዲገባ በተፈቀደ ጊዜ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ገቡ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሞቱ። ምልክቶቹ ዛሬም በለንደን በዚያው ቤት ስም በተሠራው ሙዚየም ይታያሉ። የሚወድቀውን አልጋና መረቅ ብቻ የሚጠጡትን ልጆች በፎቶግራፍ ለመግለጥ የሚሻ ተማሪ፥ ከጭምብልና ከዱቄት ይልቅ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ በባዶ አልጋ ላይ አኑሮ ቢያነሣ ሥራው የበለጠ ይናገራል። በዚህም ላይ ታናሽ እኅቱን ወይም የጎረቤቱን ሕፃን አስፈራርቶና አስለቅሶ ማንሣት አያስፈልገውም፤ ስለ ሕፃናት መከራ የሚናገር ሥዕል በሕፃን እንባ መሠራቱ የሚያሳፍር ነገር ነውና።

መምህሩም ፎቶግራፉን ብቻ አይቶ ነጥብ ከመስጠት ይልቅ ከሥሩ የተጻፈውን ቃል አጥብቆ ሊመረምር ይገባዋል። ተማሪው «ይህ ዜማ ስለ ቸነፈሩ የተዜመ ነው» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት ነው፤ «ሰዎች ይህ ዜማ ስለ ቸነፈሩ ነው ብለው ያምናሉ» ብሎ ቢጽፍ ግን እውነት ነው፤ ፎቶግራፉም ሳይለወጥ ሌላ ሥራ ይሆናል። እንዲያውም ትልልቆች ሰዎች ለሕፃናቸው ጨዋታ ይህን ያህል ሞት የፈለጉለት ስለ ምን እንደ ሆነ ብዙ የሚያስመረምር ነገር ነው፤ ለ3000 ቃል ጽሑፍም ይበቃል።

የየዜማውን ዘመን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በ1744 በለንደን ከታተመው፥ የቶሚ ታምብ ከሚባለው የዜማ መጽሐፍ መጀመር ይኖርበታል። በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ቅጂ ከሕፃን መዳፍ ብዙ የማይበልጥ ሲሆን፥ ገጾቹ በጥቁርና በቀይ ቀለም እየተፈራረቁ የታተሙ ናቸው። ግጥሞቹ ከነሥዕሎቻቸው አሉበት፤ ስለ ንግሥት፥ ስለ ጳጳስና ስለ ቸነፈር ግን በዳሩም ሆነ በሥሩ አንድም ማብራሪያ አልተጻፈበትም።