በሁለት ወንዞች መካከል ያለ ጥም
ስለ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በራዲዮ የተነገረ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳና በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ቈላው የሚወርድ መንገደኛ ነገሌ ቦረና ሲደርስ አንድ ነገር ያስገርመዋል። ከተማይቱ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ተቀምጣ ሳለች ሰዉ ስለ ውሃ ማውራትን አያቋርጥም። እኔም እዚያ ባደርሁ ጊዜ ማለዳ የቀሰቀሰኝ የባዶ ጀሪካን ድምፅ ነበር። ሁለት ወንዝ ባለበት አገር ጥም ከወዴት ይመጣል? ይህን የመሰለውን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁ ስለ ኖሩት ስለ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ዛሬ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ።

አስቀድሞ ግን የነገሌን ነገር ልጨርስ። በጥር 4 ቀን 1966 ዓ/ም በዚያ የሰፈሩት ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው የተበላሸ ነበር፤ የውሃቸውም መሳቢያ ሞተር ተሰብሮ ሳለ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጕድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ነገሩን እንዲመለከቱ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው፤ ያንኑ ምግብ እንዲበሉ፤ ያንኑ ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ወሬው በጦር ሠራዊቱ ሬዲዮ መገናኛ ከሰፈር ወደ ሰፈር ተላለፈ፤ በየካቲትም ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የተሰበረ የውሃ ሞተርን ጕዳይ በጊዜው የሚሰማ ባለሥልጣን ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀድሞዎቹን ባለሥልጣኖች ሥራ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የወሎም ረኃብ እንዴት ተሸፍኖ እንደ ቆየ ከሚመረምራቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ በ1922 ዓ/ም የተወለዱት፤ በህንድና በአሜሪካ ተምረው በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩት መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። ነገር ግን ደርግ ፍርድን አልጠበቀም፤ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ/ም ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

መምህሩ ግን ምርመራውን በመጽሐፍ ቀጠሉበት። ከ1950 እስከ 1969 ዓ/ም በኢትዮጵያ ገጠር የደረሰውን ረኃብ አጥንተው በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ነገሩን በአጭሩ ብናስረዳ እንዲህ ነው፤ ድርቅ የሰማይ ሥራ ነው፤ ረኃብ ግን በአብዛኛው የሥርዓት ሥራ ነው። ገበሬው በግብር፤ በመሬት ኪራይና በዕዳ ጎተራው ተራቁቶ ስለሚቆይ አንድ ክረምት ሲጓደል ይወድቃል። እህል የሚያመርተው ሲራብ እህል የማያመርተው የከተማ ሰውና ወታደር ይበላል። ደመወዝ ለምንበላ ለእኛ ይህ የሚመች ንባብ አይደለም።

የቦረና ሽማግሌ ይህን ቢሰማ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በዱብሉቅና በሌሎቹ፤ ዘጠኙ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች፤ ጕልማሶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን በመቅጃ ይቀባበላሉ፤ የማን መንጋ አስቀድሞ፤ የማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚቈጣጠረው ደግሞ አባ ሄሬጋ የሚባለው ሹም ነው። ተራው ከተዛባ ውሃው ሳያልቅ ከብቱ ይሞታል።

በ1984 ዓ/ም ፕሮፌሰሩ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ከሌሎች ጋር መሠረቱ። ጉባኤው የታሰረውን፤ የተገደለውንና የተሰወረውን ሰው እየቈጠረ መግለጫ ያወጣ ጀመር። ይህ በፊት ይሠሩት ከነበረው ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ቀድሞ የተራበውን ቈጥረዋል፤ አሁን የተበደለውን ይቈጥራሉ። በ1993 ዓ/ም ከዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጋር ታስረው በዋስ ተለቀቁ።

ከዚያም ወደ ፓርቲ ፖለቲካ ገቡ። ቀስተ ደመና በተባለው ድርጅት በኩል በቅንጅት ውስጥ ሆነው የ1997 ዓ/ም ምርጫ ደረሰ። ምርጫውን ተከትሎ በመጣው ሁከት ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው እኒህ ሰው ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 ዓ/ም በይቅርታ ወጡ። ቅንጅትም ተበታተነ። እንደ እኔ አስተያየት፤ ሰውየው ለመጠየቅ እንጂ ለፓርቲ የተፈጠሩ አልነበሩም። ፓርቲ አባላቱን ማባበል ይፈልጋል፤ እርሳቸው ደግሞ ወዳጃቸውንም ቢሆን ፊት ለፊት ይነቅፉ ነበር።

በኋለኛው ዘመናቸው ስለ አገር ጕዳይ የሚጽፉና የሚናገሩ ሽማግሌ ሆኑ። በ2005 ዓ/ም ያወጡት «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የታሪክ ሊቃውንትን ሳይቀር ስለ ነቀፈ ብዙ አከራከረ። ፖለቲካ በጎሣ ላይ እንዳይመሠረት አጥብቀው በመከራከራቸውም ከልዩ ልዩ ወገን ተቃዋሚ አላጡም፤ በደቡቡ ቈላ በዚህ አሳባቸው የማይስማማ ሰው ብዙ ነው። ስለ ረኃብ በጻፉት ላይ ግን የሚከራከራቸው ብዙ ሰው አላጋጠመኝም።

ፕሮፌሰር መስፍን በመስከረም 19 ቀን 2013 ዓ/ም በዘጠና ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ወቅት በቦረና ሀገያ የሚባለው ዝናብ ሳይዘንብ ቀረ፤ ቀጥሎም ገና የሚባለው፤ እንዲህ እያለ እስከ 2015 ዓ/ም መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው አለፉ። ከያቤሎ እስከ ሞያሌ በመንገዱ ዳር የከብት ሬሳ ተከመረ። ገናሌና ዳዋም ይፈስሱ ነበር።