ማን ተጠየቀ? የሰው ልጅ ጾታዊ ሕይወት እንደ ኮሌጅ ትምህርት

በብሪታንያ ከ2010 እስከ 2012 በተካሄደ አገር አቀፍ የጾታዊ ሕይወት ጥናት ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 74 የሆነ ከ15 ሺሕ በላይ ሰዎች ተጠይቀው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወንዶቹ በሕይወት ዘመናቸው በአማካይ ከ14 ሴቶች ጋር፣ ሴቶቹ ደግሞ ከ7 ወንዶች ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ተናገሩ። ሒሳቡ አይገጥምም። ወንድና ሴት በተገናኙ ቁጥር በሁለቱም መዝገብ አንድ አንድ ይጨመራልና፣ የወንዱና የሴቱ ብዛት በተቀራረበበት አገር ሁለቱ አማካዮች እንዲህ ሊራራቁ አይገባም ነበር። በ2018 የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መረጃውን መልሰው አገላበጡት። ጥቂት ወንዶች የጠቀሱት እጅግ ትልልቅ ቁጥር አማካዩን ወደ ላይ ጎትቶት ተገኘ። ሴቶቹ በአብዛኛው አንድ በአንድ አስታውሰው ሲቆጥሩ ወንዶቹ በግምት መናገር ይቀናቸዋል። ለአንድ ሌሊት የሚደረግ ግንኙነትን በመንቀፍም ሴቶቹ ይበረታሉ፤ ይህም በመልሳቸው ላይ ጥላውን ያጠላል። ይህ ሁሉ ከታረመ በኋላ የ7 ልዩነት ወደ 3 ገደማ ወረደ። ቀሪው ግን አልጠፋም።

ወደዚህ ትምህርት ለመግባት ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። በአሜሪካ ኮሌጆች የጾታዊ ሕይወት መግቢያ ኮርስ ከሥነ ልቦና፣ ከጤናና ከማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሎች በአንዱ ሥር ይሰጣል። መማሪያ መጻሕፍቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላሉ፤ ከታሪክና ከጥናት ዘዴ ይነሡና የሰውነት አካላትን፣ ሆርሞንን፣ እርግዝናን፣ የእርግዝና መከላከያን፣ የአባላዘር በሽታን፣ ፍቅርን፣ ጾታዊ ጥቃትንና ሕግን ያዳርሳሉ። ተማሪው ቶሎ ገልጦ የሚያልፈው የጥናት ዘዴውን ምዕራፍ ነው። እኔ ግን የትምህርቱ ልብ ያለው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ሰው ደብቆ የሚያደርገውን ነገር የሚያጠና ሁሉ፣ ያገኘው መልስ የሚወሰነው ማንንና እንዴት በመጠየቁ ነው።

መጀመሪያ ጠያቂዎቹ ሐኪሞች ነበሩ። ኦስትሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ክራፍት-ኤቢንግ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረባቸው ታሪኮች የሕሙማንና የተከሳሾች ነበሩ። ተራው ሰው እንዳያነበው አንዳንዱን ክፍል በላቲን ጻፈው፤ መጽሐፉ ግን ደጋግሞ ታተመ፣ አንባቢውም ሐኪም ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ ሃቭሎክ ኤሊስ በ1897 ያወጣውን ጥራዝ የሸጠ ሰው በዓመቱ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍሮይድም በ1905 ስለ ጾታዊ ስሜት ሲጽፍ የተመለከተው በአብዛኛው ሊታከሙ ወደ እርሱ የመጡ የቪየና ሰዎችን ነበር። ለመታከም የመጣውን ሰው ብቻ ያየ ሐኪም ዓለሙ ሁሉ በሽተኛ ቢመስለው አይገርምም። ከዘመኑ ሐኪሞች መካከል ማግኑስ ሂርሽፌልድ በ1919 በርሊን ውስጥ የጾታ ሳይንስ ተቋም ከፈተ፤ ምክርና ሕክምና የሚሰጥበት፣ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ያለው ቤት ነበር። ግንቦት 6 ቀን 1933 የናዚ ደጋፊ ተማሪዎች ወረሩት፤ ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱ በርሊን አደባባይ ላይ ተቃጠሉ። ሂርሽፌልድ በዚያን ጊዜ ውጭ አገር ነበር፤ በ1935 ፈረንሳይ ውስጥ በስደት ሞተ።

በሽተኛ ያልሆነን ሰው ከጠየቁት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ክሌሊያ ሞሸር የተባለች አሜሪካዊት ናት። ከ1892 ጀምሮ 45 ሴቶችን ስለ ትዳር አልጋቸው በመጠይቅ ጠየቀች። የዘመኑ ሊቃውንት ጨዋ ሴት የሥጋ ፍላጎት የላትም ይሉ ነበር፤ ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ግን ፍላጎት እንዳላቸውና እንደሚረኩ ጽፈዋል። ሞሸር ውጤቱን አላሳተመችም። ወረቀቶቹን በ1973 አንድ የታሪክ ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዛግብት ውስጥ አገኛቸው። 45 ሴት ትንሽ ነው፤ ደግሞም አብዛኞቹ የተማሩ ነበሩ። ቢሆንም ስለ እነርሱ ይጻፍ ከነበረው ሁሉ ይልቅ እነርሱ ራሳቸው የጻፉት ይበልጣል።

ከዚያ ኪንዚ መጣ። አልፍሬድ ኪንዚ የነፍሳት ተመራማሪ ነበር፤ ዛፍ ላይ እባጭ የሚያበቅሉ ጥቃቅን ተርቦችን በመቶ ሺዎች ሰብስቦ እየለካ ዓመታት አሳልፏል። በ1938 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ስለ ጋብቻ ኮርስ እንዲሰጥ ተመደበ። ተማሪዎቹ የሚጠይቁትን ለመመለስ መጻሕፍቱን ሲያገላብጥ ስብከትና ግምት እንጂ መረጃ አጣ። ስለዚህ ተርብ በሰበሰበበት ትጋት የሰው ታሪክ መሰብሰብ ጀመረ። እርሱና ባልደረቦቹ ወደ 18 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ፊት ለፊት አነጋገሩ። ጥያቄዎቹን በቃላቸው ይዘው መልሱን በምስጢር ምልክት ይጽፉ ነበር፤ ወረቀቱ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ አይነበብም። በአጠያየቁም ብልሃት ነበረው። «ይህን አድርገህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ «አይ» ለማለት በር ይከፍታል ብሎ ስላመነ፣ «መጀመሪያ ያደረግኸው መቼ ነው?» ይል ነበር። ያላደረገው ሰው ራሱ ይናገር፤ ያደረገው ደግሞ ለማመን አይቸገርም።

በ1948 የወጣው የወንዶቹ ጥራዝ በ5,300 ሰዎች፣ በ1953 የወጣው የሴቶቹ ጥራዝ በ5,940 ሰዎች ቃል ላይ የቆመ ነበር። ድርቅ ያለ የሠንጠረዥ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ እንደ ልብ ወለድ ተሸጠ። ውግዘቱም ወዲያው መጣ፤ በ1954 የሮክፌለር ፋውንዴሽን ለጥናቱ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ አቋረጠ፤ ኪንዚ በ1956 ሞተ። ነገር ግን ከሰባኪዎቹ ይልቅ የጎዱት የስታቲስቲክስ ሰዎች ናቸው። ኮክራን፣ ሞስቴለርና ቱኪ በ1954 ባሳተሙት ግምገማ የናሙናውን ድክመት አንድ በአንድ አሳዩ። ሰዎቹ በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም፤ የኮሌጅ ተማሪውና እስረኛው ከልክ በላይ በዝቶ ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ማስሎውም ቀደም ብሎ፣ በፈቃዱ ለእንዲህ ዓይነት ቃለ መጠይቅ የሚመጣ ሰው ከማይመጣው ይልቅ ደፋር መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። የኪንዚ ቁጥሮች ዛሬም በየሬዲዮው ይጠቀሳሉ፤ ሊጠቀሱ የሚገባቸው ግን እንደ ታሪክ እንጂ እንደ ልኬት አይደለም።

ኪንዚ በቃል የጠየቀውን ማስተርስና ጆንሰን በመሣሪያ ለኩት። በሴንት ሉዊስ ቤተ ሙከራቸው 382 ሴቶችና 312 ወንዶች የልብ ምታቸው፣ የደም ግፊታቸውና የጡንቻቸው ሁኔታ እየተመዘገበ ተጠኑ። በ1966 ባወጡት መጽሐፍ የሰውነትን ምላሽ በአራት ደረጃ ከፈሉት፤ መነቃቃት፣ ከፍ ባለ መነቃቃት መቆየት፣ እርካታ፣ ወደ ቀድሞው መመለስ። ፍሮይድ የሴትን እርካታ «የበሰለ» እና «ያልበሰለ» ብሎ በሁለት የከፈለበትን ሐሳብም ውድቅ አደረጉት፤ በሰውነት ደረጃ ምላሹ አንድ ነውና። ይሁን እንጂ ፈቃደኞቹ የተመረጡት ቀድሞውኑ እርካታ ላይ የሚደርሱ ሰዎች ስለሆኑ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሊዮኖር ቲፈር በኋላ እንደተቸችው፣ እርካታን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ሰው የመረጠ ጥናት እርካታን የሁሉ ሰው ሕግ አድርጎ ቢያገኝ ምን ይደንቃል? ሔለን ካፕላን በአራቱ ደረጃዎች ውስጥ ፍላጎት የሚባል ነገር እንደሌለ አስተዋለችና ጨመረችው። ሮዝሜሪ ባሶን ደግሞ በ2000፣ በተለይ በረጅም ትዳር ውስጥ ላሉ ሴቶች ፍላጎት ብዙውን ጊዜ ከመቀራረቡ በኋላ እንጂ በፊት እንደማይመጣ የሚያሳይ ክብ ሞዴል አቀረበች። «ፍላጎቴ ሞቷል» ብላ ወደ ሐኪም ለሄደች ባለትዳር ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የሥነ ሕይወቱን ክፍል በአጭሩ ላልፈው። ጽንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ወንድም ሴትም ሊሆን የሚችል አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፤ በዋይ ክሮሞዞም ላይ ያለውና በ1990 የታወቀው ኤስአርዋይ የተባለ ዘረ መል ሥራ ሲጀምር የወንድ የዘር ፍሬ መበጀት ይጀምራል፣ ቀሪውን ሆርሞን ይመራዋል። እዚህም ቢሆን ማን እንደታየ መጠየቅ ያስፈልጋል። አውስትራሊያዊቷ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሔለን ኦኮኔል የቂንጥርን ሙሉ አካል፣ አብዛኛው ውስጥ ለውስጥ የተዘረጋ መሆኑን ጭምር፣ በጥንቃቄ ገልጣ ያሳተመችው በ1998 ነው፤ ያኔ ሰው ጨረቃ ከረገጠ ወደ 30 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1960 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የእርግዝና መከላከያ እንክብል ትልቁ ሙከራው በ1956 የተጀመረው ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ባሉ ድሃ ሴቶች ላይ ነው፤ ሙከራ ላይ መሆናቸው በቅጡ አልተነገራቸውም።

ናሙና ፍርድን የሚገለብጥ መሆኑን ከሁሉ አጉልታ ያሳየችው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤቭሊን ሁከር ናት። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ተመሳሳይ ጾታን የሚወዱ ወንዶች የአእምሮ ሕሙማን ናቸው የሚለው ድምዳሜ የተገነባው ከሐኪም ቤትና ከእስር ቤት በተወሰዱ ሰዎች ላይ ነበር። ሁከር ሕክምና ላይ ያልነበሩ 30 እንዲህ ዓይነት ወንዶችን ከሌሎች 30 ወንዶች ጋር አነጻጽራ፣ የሥነ ልቦና ፈተናቸውን ስማቸውን ሳትገልጽ ለባለሙያዎች ሰጠች። ባለሙያዎቹ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ጥናቱ በ1957 ታተመ፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ጉዳዩን ከበሽታ ዝርዝር ያወጣው በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 ነው። በኢትዮጵያ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው፤ በሽታ ነው ወይ የሚለውና ሕጉ ምን ይላል የሚለው ሁለት ጥያቄ መሆኑን ግን ኮርሱ ለይቶ ያስተምራል።

በዕጣ ናሙና የሚሠራ ትልቅ ጥናት ያስገደደው ኤድስ ነው። ቫይረሱ ምን ያህል እንደሚዛመት ለመተንበይ ማን ከስንት ሰው ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ ግድ ሆነ፤ መንግሥታቱ ግን አፈሩ። በ1989 የታቸር መንግሥት ለብሪታንያው ጥናት ገንዘብ ነፈገ፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ዌልካም ትረስት ሸፈነውና ወደ 19 ሺሕ ሰው ተጠየቀ። በአሜሪካም የኮንግረስ አባላት የመንግሥቱን ገንዘብ ስላገዱ የቺካጎ ተመራማሪዎች በግል ፋውንዴሽኖች ድጋፍ በ1992 3,432 ሰዎችን ብቻ ጠየቁ። ያገኙት ነገር ስለ ወሲብ የሚያጋንኑ መጽሔቶችን ሳያሳፍር አልቀረም፤ ከሁሉ በላይ ረክተናል ያሉት ባለትዳሮቹ ነበሩ። በ1998 ደግሞ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ጎረምሶች በወረቀት ከሚሞሉት መጠይቅ ይልቅ በጆሮ ማዳመጫ ለሚጠይቃቸው ኮምፒውተር የሚሸሽጉትን አብልጠው እንደሚናገሩ አሳየ።

በኢትዮጵያ የዚህ ትምህርት ዋና ምንጭ ከ2000 ጀምሮ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። የ2005ቱ ዳሰሳ የደም ናሙና ሲወስድ ከአዋቂዎች 1.4 በመቶው ኤች አይ ቪ በደማቸው እንደሚገኝ አሳየ፤ በዚያው ዓመት ከእርጉዝ እናቶች ክትትል የተሰላው ግምት 3.5 በመቶ ነበር። አንዱም አልዋሸም። የእናቶቹ ክትትል ጤና ጣቢያ የሚመጡትን፣ ይበልጡንም ለከተማና ለመንገድ የሚቀርቡትን ያያል፤ ዳሰሳው ደግሞ ቤት ለቤት ሄዶ በጦር ሰፈር፣ በእስር ቤትና በጎዳና ያሉትን ያልፋቸዋል።

በ2016ቱ ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ25 በላይ ከሆኑት፣ ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንኙነት የፈጸሙበት መካከለኛ ዕድሜ 16.6፣ የወንዶቹ 21.2 ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ ያለዕድሜ ጋብቻ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው በ2000 ነው። ከ15 እስከ 49 ዕድሜ ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል፤ ከ15 እስከ 19 ያሉትን ብቻ ብንወስድ 47 በመቶ። ይህ መቀነስ ደስ ያሰኛል፤ ግን ግርዛት በወንጀል ሕጉ ከተከለከለ በኋላ የተጠየቀች ልጅ ወይም እናቷ መልሷን እንድትመጥን የሚያደርግ ምክንያት እንዳላት መርሳት የለብንም። በትዳር ላሉ ሴቶች ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ አጠቃቀም ከ2000ው 6 በመቶ ወደ 35 በመቶ አድጓል። የቤት ውስጥ ጥቃት ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባውም በዚሁ በ2016 ነበር፤ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትመረጣለች፣ ሌላ ሰው በሚሰማበትም አትጠየቅም። ባሏ ከጓሮ ብቅ ካለ ጠያቂዋ ወሬውን ትቀይራለች ወይም ታቆማለች።

ያልተጠየቁት ግን አሁንም ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ በላይ የሚረሱትም አረጋውያን ናቸው። የኢትዮጵያው ዳሰሳ ሴትን እስከ 49፣ ወንድን እስከ 59 ዓመት ድረስ ብቻ ይጠይቃል፤ ወልዳ የጨረሰች ሴት ከቁጥሩ ትወጣለች። በአሜሪካ ከ57 እስከ 85 ዓመት የሆናቸው 3,005 ሰዎች ተጠይቀው በ2007 ውጤቱ ታትሟል። ከ57 እስከ 64 ካሉት 73 በመቶ፣ ከ75 እስከ 85 ካሉት ደግሞ 26 በመቶ ባለፈው ዓመት ግንኙነት እንደነበራቸው ተናገሩ። ከንቁዎቹ ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ የሚያስጨንቅ ጾታዊ ችግር ነበረባቸው። ከ50 ዓመታቸው ወዲህ ጉዳዩን ለሐኪም አንሥተው የሚያውቁት ግን ከወንዶቹ 38፣ ከሴቶቹ 22 በመቶ ብቻ ናቸው።