ስብራቱን ሁላችንም አየነው፤ የረጋውን ደም ግን ማን አየ?

ማክሰኞ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2015 ማንችስተር ዩናይትድ ለሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ሆላንድ ድረስ ተጉዞ ፒ.ኤስ.ቪ አይንድሆቨንን ገጠመ። (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታው ገና ሩብ ሰዓት አካባቢ እንደሆነ የግራ መስመር ተከላካዩ ሉክ ሾው ኳሷን እየገፋ የባለሜዳዎቹ የፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ዘልቆ ገባ። ሜክሲኳዊው ተከላካይ ሄክተር ሞሬኖ በሸርተቴ መጣበት። ኳሷንም አገኛት፣ የሾውን ቀኝ እግርም አገኘው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ሁለተኛ እንዲደገምለት አይፈልግም። እግሩ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሜዳው ላይ ለረጅም ደቂቃዎች ኦክስጅን ተገጥሞለት ሲታከም ከቆየ በኋላ በቃሬዛ ወጣ።

ጣሊያናዊው ዳኛ ኒኮላ ሪዞሊ ፍፁም ቅጣት ምትም አልሰጡ፣ ካርድም አላወጡ። ይባስ ብሎ ዩናይትድ በሜምፊስ ዴፓይ ጎል ሲመራ ቆይቶ የአቻነቷን ጎል ያስቆጠረው ያው ሞሬኖ ሆነ። ጨዋታውም 2ለ1 በፒ.ኤስ.ቪ አሸናፊነት አለቀ። የዩናይትድ ደጋፊ ያን ሌሊት ሞሬኖን ሲረግም አደረ። ሰውየው ራሱ በ2014ቱ ዓለም ዋንጫ ከሆላንድ ጋር ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ ነበርና የህመሙን ልክ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል፤ ግን ለዚህ ማን ጊዜ ነበረው?

የሁላችንም ወሬ አንድ ነበር። «ስንት ወር ይቆያል?» «በእሱ ቦታ ማን ይገባል?» «እግሩ ድሮ እንደነበረው ይሆናል?» አጥንት መጠገኑ አይቀርም፣ ዘንድሮ ባይሆን ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል ተባለና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። የ20 ዓመቱ ልጅ እግር ሊቆረጥ አፋፍ ላይ ደርሶ እንደነበር ግን ማንም አላወቀም። ራሱ ሾው እንኳ የሰማው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ምስጢሩን ያወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። ሴፕቴምበር 2018 ወደ እንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተመልሶ ከጋዜጠኞች ጋር ሲነጋገር፣ ከስብራቱ በኋላ እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ እንደነበርና እግሩን ሊያጣ ምንም እንዳልቀረው ተናገረ። በወቅቱ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ይመለስ የሚል ሐሳብ ነበር። እንደ ሾው አነጋገር ያን ቀን አውሮፕላን ላይ ቢወጣ ኖሮ እግሩ አይተርፍም ነበር። ሐኪሞቹ እዚያው ሆላንድ እግሩን ከፍተው የረጋውን ደም አወጡለት። እግሩ ላይ የቀሩት ሁለት ጠባሳዎች የዚያ ቀዶ ጥገና ምልክቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «የእግር ስብራትና ደም ምን አገናኛቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ደምን ወደ እግር ትረጫለች፣ ወደ ላይ መመለሱ ግን ዳገት ነው። ይህን ዳገት የሚያስወጣው በዋናነት ባታችን ነው። በሄድን፣ በሮጥን ቁጥር የባት ጡንቻ እየተኮማተረ የደም መልሱን ቧንቧ ይጨምቀዋል፤ ደሙም ወደ ላይ ይገፋል። ሐኪሞች ባትን «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት ለዚህ ነው። በደም መልሱ ውስጥ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ ክዳኖችም አሉ። የእግር ኳስ ተጫዋች እንግዲህ ይህችን ፓምፕ ከማናችንም በላይ የሚያሠራ ሠራተኛ ነው።

አጥንቱ ሲሰበር ታዲያ ፓምፗ በአንድ ቀን ቀጥ ትላለች። እግር በጀሶ ይታሰራል፣ ሰውየው አልጋ ላይ ይውላል፣ ደሙ እንደ ኩሬ ውሃ ይተኛል። በዚያ ላይ ስብራቱ የደም ስሩን ግድግዳ ሊጎዳው ይችላል። ሰውነትም በበኩሉ ትልቅ ቁስል አይቷልና መድማቱን ለማቆም ደሙን ቶሎ እንዲረጋ ያዘጋጀዋል። ሩዶልፍ ፊርኮ የተባሉት ጀርመናዊ ሐኪም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስማቸው የሚነሳው ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ጋር ነው፤ የደም መተኛት፣ የደም ስር መጎዳት፣ የደም ለመርጋት መዘጋጀት። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ደም ይረጋል። እግሩ የተሰበረ ተጫዋች ላይ ደግሞ ሦስቱም በአንድ ምሽት ሊገናኙ ይችላሉ።

አውሮፕላኑ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ጠባብ ወንበር ላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በራሱ ደምን ያስተኛል። ያበጠ እግር ከፍታ ላይ ሲወጣ ይብስበታል፤ በጀሶ ከታሰረ ደግሞ እብጠቱ መውጫ ስለሌለው ወደ ውስጥ ይጨቁናል። የረጋው ደም ከቦታው ተነቅሎ ወደ ላይ ከተጓዘ ሳንባ ላይ ሄዶ ይሰካል። ያኔ ጉዳዩ እግር መሆኑ ያበቃና ነፍስ ይሆናል። የፖርትላንድ ትሬይል ብሌዘርሱ የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ጀሮም ከርሲ በፌብሩዋሪ 2015 የጉልበት ቀዶ ጥገና አድርጎ በቀናት ውስጥ ነው ያረፈው። የገደለው ጉልበቱ አልነበረም፤ ከእግር ተነስቶ ሳንባውን የዘጋው የረጋ ደም ነው።

በዚያው ወር የማያሚ ሂቱ ክሪስ ቦሽ ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም ተገኘበት። ቦሽ እንግዲህ በ2012 እና በ2013 ከሌብሮን ጄምስና ከዱዌይን ዌድ ጋር ሻምፒዮን የሆነው ሰው ነው። ታክሞ ተመለሰ፤ በፌብሩዋሪ 2016 ግን እንደገና ተገኘበት፣ በዚህኛው ዙር ባቱ ላይ። ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አላደረገም። በሴፕቴምበር 2016 የክለቡን የሕክምና ምርመራ ሳያልፍ ቀረ፤ በ2017 ክለቡ ለቀቀው። ገና የ31 ዓመት ሰው ሆኖ፣ መሮጥ እየቻለ፣ መዝለል እየቻለ! ይህ ለብዙ ሰው ግራ ነው። ዋናው ጣጣ መድኃኒቱ ላይ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት መድኃኒቶች ደሙን «ያቀጥኑታል»። ያን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢሮ ቢውል ብዙም ላይቸገር ይችላል። ክርን፣ ጉልበትና ጭንቅላት የሚጋጭበት ሥራ ውስጥ ከገባ ግን አንድ ምት የማይቆም የውስጥ ደም መፍሰስ ልታመጣበት ትችላለች። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ መድኃኒቱ ወይ ሜዳው።

ሾው ከቦሽ ይልቅ ዕድለኛ ነበር ማለት ነው። በኦገስት 2016 በኮሚዩኒቲ ሺልድ ጨዋታ ሌስተር ሲቲ ላይ ተሰለፈ። ግን የተመለሰው ወደ ሰላም አልነበረም። አዲሱ አሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆ በሴፕቴምበር ዩናይትድ በዋትፎርድ 3ለ1 ከተሸነፈ በኋላ ተጋጣሚውን ቶሎ ሄዶ አልተጫነም ብለው በአደባባይ ወቀሱት። በኤፕሪል 2017 ከኤቨርተን ጋር 1ለ1 በወጡበት ጨዋታማ ልጁ የሚጫወተው በእሳቸው ጭንቅላት እንደሆነ ተናገሩ። ሞሪንሆ ብቻ አይደሉም፤ እኛም አለንበት። «ወፈረ»፣ «ሰነፈ»፣ «ሰላሳ ሚሊዮን ፓውንድ ተበላ» ሲባል የነበረው የትናንት ወሬ ነው። በ2014 ከሳውዝሃምፕተን ሲመጣ የወጣበትን ገንዘብ ሁሉም ያስታውሳል። ለብዙ ወራት ያልተጫወተ፣ እግሩ ሁለት ቦታ ተከፍቶ ደም የወጣለት ልጅ ኪሎ ቢጨምር ምን ይገርማል? በእኔ እምነት አሰልጣኙ ተጫዋቹን መገሰጹ መብቱ ነው፤ በካሜራ ፊት መሆኑ ግን ከተጫዋቹ ምንም ያተረፈለት አይመስለኝም።

ሾው ለማንኛውም መልሱን በሜዳ ሰጠ። በኦገስት 2018 በዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጎሉን ሌስተር ላይ አገባ። ጁላይ 11 ቀን 2021 ደግሞ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ጣሊያንን ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በግራ እግሩ መታት። በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ ፈጣኗ ጎል ናት። ዋንጫው በመለያ ምት ወደ ሮም ቢሄድም ጎሏ የሱ ናት። ጉዳት ግን ከዚያ በኋላም አልለቀቀውም።

የአርሰናል ደጋፊዎች ቅር እንዳይላቸው የሳንቲ ካዞርላን ሳናነሳ አናልፍም። ኦክቶበር 2016 ሉዶጎሬትስን 6ለ0 ባሸነፉበት ጨዋታ ተጎድቶ ከወጣ በኋላ ለአርሰናል ዳግመኛ አልተሰለፈም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተደረገው ቀዶ ጥገና ቁስል አልዘጋ ብሎ ጋንግሪን ገባበት። ኢንፌክሽኑ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተረከዝ ጅማቱን በላው። እንግሊዝ ያሉት ሐኪሞች ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ ከተራመድክ ይበቃሃል አሉት። ስፔናውያኑ ቪቶሪያ ላይ ጅማቱን እንደገና ሠሩት፤ ለቆዳው ከክንዱ ላይ ወስደው ለጠፉለት። የሴት ልጁ ስም ንቅሳት ያለበት ቆዳ ስለነበር የስሟ ፊደላት ግማሹ ክንዱ ላይ፣ ግማሹ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀረ። የተረከዝ ጅማት አካባቢ የደም አቅርቦቱ ደካማ ስለሆነ እዚያ ቦታ የተነካ ቁስል በቀላሉ አይድንም፤ ቁስልን የሚያድነው ደም ነውና። ካዞርላ በ2018 ለቪያሪያል ተመልሶ መጫወቱ፣ በ2019 ለስፔን ብሔራዊ ቡድን መጠራቱ ጉድ የሚያሰኝ ነው።

ይህ ሁሉ የሀብታሞች ክለብ ወሬ ነው፤ ወደ እኛው ሰፈር ስንመጣ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ጉዳት ሲደርስ ሮጦ ሜዳ የሚገባውን የቡድን ሰው ሁሉ «ወጌሻ» ብለን እንጠራዋለን፤ ዘመናዊ ፊዚዮቴራፒስትም ቢሆን ስሙ ወጌሻ ነው። ቃሉ የመጣው አጥንት ከሚያቀኑት፣ ወለምታ ከሚያሹት ባህላዊ ባለሙያዎች ነው። ብዙዎቹ ወለምታን በማቃናት የተመሰገኑ ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። ችግሩ የሚመጣው እውነተኛ ስብራት ሲሆንና እግሩ በቀርከሃና በጨርቅ ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰር ነው። የተሰበረ እግር ማበጡ አይቀርም። ማሰሪያው ካልላላ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫንና የደም መንገዱን ይዘጋዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል። የአገራችን ሐኪሞች አለቅጥ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ በጋንግሪን ምክንያት ስለተቆረጡ እጆችና እግሮች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ከተጎጂዎቹ መካከል ሕፃናትና ወጣቶች ይገኙበታል፤ ኳስ የሚጫወቱት እነሱ ናቸው።

የእኛ ልጆች ደግሞ ተጫዋች ብቻ አይደሉም። እሁድ ሜዳ የሚውለው ልጅ ሰኞ ታክሲ ላይ ረዳት ነው፣ ወይም ሲሚንቶ ተሸካሚ ነው። «ትንሽ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ሥራ ይገባል፤ ባይገባ የዕለቱን አያገኝም። ባቱ ቢያመው የጡንቻ መሳሳብ ነው ብሎ ጓደኛውን በቅባት አሸኝ ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም የጡንቻ ነው። ግን አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ፣ በተለይ ሰውየው በቅርቡ ጀሶ ከነበረው ወይም ጎንደር ድረስ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ከመጣ፣ ያ ባት አይታሽም። ውስጡ የረጋ ደም ካለ ማሸቱ ሊነቅለው ይችላል። ትንፋሽ ማጠርና ደረት ላይ መውጋት ከተጨመረበት ለነገ የሚቀጠር አይደለም፤ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ለታሰረ እግር ደግሞ መለኪያው ጣቶቹ ናቸው። ማሰሪያው ጀሶም ይሁን ቀርከሃ ጣቶቹ ሳይሸፈኑ መታየት አለባቸው። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ህመሙም ማስታገሻ ተወስዶለት እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያው ይላላና ልጁ ወደ ሐኪም ይሮጣል። የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርጎ መልቀቅም አንድ ዘዴ ነው፤ ጥፍሩ ነጭ ይሆንና በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልሶ መቅላት አለበት። ይህን ለማየት የማንችስተር ዩናይትድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ቡድኑ ውስጥ የማሊያ ቦርሳ የሚይዘው ልጅም ይችላል።