«ወርቅ ተገኘ» የሚለው ዜና ምን ያህል ይመዝናል?

«በ10 ሜትር ርዝመት በአማካይ በቶን 5 ግራም ወርቅ ተገኘ።» በቶሮንቶ፣ በለንደን ወይም በሲድኒ ገበያ አክሲዮናቸው የሚሸጥ አነስተኛ የማዕድን አሳሽ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ መግለጫ ሲያወጡ፣ የአክሲዮናቸው ዋጋ በሰዓታት ውስጥ ሊተኮስ ይችላል። ዛሬ አክሲዮኑን በእጅ ስልክ መግዛት ስለሚቻል፣ በስደት አገር ከደመወዙ ጥቂት የቆጠበ ሰው ያችን ጥሪት ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ሊያውላት ይችላል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯ ምን እንደምትል፣ ምን እንደማትል ማወቅ ይገባል።

እነዚህ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ላይ ያለ የማዕድን ማውጫ የላቸውም፤ የሚሸጡት ወርቅም የለም። ለቁፋሮ የሚሆነውን ገንዘብ የሚያገኙት አዳዲስ አክሲዮን እያወጡ በመሸጥ ነው። መግለጫው እንግዲህ የምርመራ ውጤት ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ሽያጭ ገዢ መጥሪያም ነው። ይህ ሐሰት አያደርገውም። ነገር ግን ከፊት የሚቀመጠው አኃዝ ያማረው እንደሚሆን አንባቢው አስቀድሞ ሊጠብቅ ይገባል።

ያንኑ አኃዝ እንፈትሸው። መሰርሰሪያው ከምድር ውስጥ ቀጭን የዓለት ዘንግ ያወጣል። ከ10 ሜትሩ ዘንግ ውስጥ ግማሽ ሜትር የምትሆን የኳርትዝ ሥር በቶን 90 ግራም ወርቅ ብትይዝ፣ ቀሪው 9.5 ሜትር ደግሞ በቶን ግማሽ ግራም ብቻ ቢኖረው፣ አማካዩ ያው 5 ግራም ገደማ ይሆናል። ከወርቁ 90 በመቶ ያህሉ የመጣው ግን ከዚያች ከግማሽ ሜትሯ ነው። የሚቀጥለው ጉድጓድ ሥሯን ከሳታት ምንም ላይገኝ ይችላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚሰጠው ሥዕል ግን ሌላ ነው።

ርዝመቱም ራሱ ጥያቄ አለው። ቢላ ድፎ ዳቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲገባና ተጋድሞ ሲገባ የሚያልፈው ርቀት እንደሚለያይ ሁሉ፣ መሰርሰሪያውም ወርቅ የያዘውን ሥር በሰያፍ ካቋረጠው 10 ሜትር የተባለው እውነተኛ ውፍረቱ 3 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ወርቅ በዓለት ውስጥ እንደ ጨው በወጥ እኩል አይሟሟም። አንዲት ፍንጣሪ ከናሙናው ውስጥ በመግባቷ ወይም በመቅረቷ ውጤቱ በእጅጉ ይለወጣል፤ አንድ ዘንግ ለሁለት ተሰንጥቆ ሲመረመር እንኳ ሁለቱ ግማሾች የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ።

ናሙናው ራሱ ሐሰት ሲሆንስ? የካልጋሪው ብሬ-ኤክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 በኢንዶኔዥያ በቦርንዮ ደሴት ቡሳንግ የተባለ ቦታ ያዘ። የክምችቱ ግምት በየጊዜው እየተመነደገ በ1997 መጀመሪያ ከ70 ሚሊዮን አውንስ አለፈ (የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው)። የኩባንያው የገበያ ዋጋ በደመቀበት ወቅት ከ6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነበር። በመጋቢት 1997 የኩባንያው ጂኦሎጂስት ማይክል ዴ ጉዝማን ከሄሊኮፕተር ወድቆ ሞተ። ከቀናት በኋላ ፍሪፖርት ማክሞራን የተባለው ግዙፍ የማዕድን ኩባንያ በዚያው ቦታ ባደረገው የማጣሪያ ቁፋሮ እዚህ ግባ የሚባል ወርቅ እንዳላገኘ አስታወቀ። አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከዋጋው ከ80 በመቶ በላይ አጣ። በግንቦት ወር ስትራትኮና የተባለው ገለልተኛ መርማሪ ተቋም ናሙናዎቹ ውስጥ ከውጭ ወርቅ መጨመሩን አረጋገጠ። ካጡት መካከል የኦንታሪዮ መምህራን የጡረታ ፈንድ ይገኝበታል፤ ስለዚህ የተታለለው የዋሁ ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ እጅግ የሚያስገርመው ቤተ ሙከራው አለመዋሸቱ ነው። የደረሰውን ዱቄት በትክክል ለካ፤ የተበላሸው ዱቄቱ ከመድረሱ በፊት ነበር። ምልክቶቹም በግልጽ ተቀምጠው ነበር። በተለመደው አሠራር ዘንጉ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ለኋላ ማመሳከሪያ ይቀመጣል፤ በቡሳንግ ግን አብዛኛው ዘንግ በሙሉ ተፈጭቶ ነበር። የወርቅ ቅንጣቶቹም ከዓለት እንደተፈለቀቀ ወርቅ ሾጣጣ ሳይሆኑ ወንዝ እንዳንከባለለው ወርቅ ጠርዛቸው የተሞረደ ነበር።

ካናዳ ከዚያ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ማንኛውም የማዕድን ፍለጋ መረጃ ስሙንና ሙያውን በሚያስይዝ ብቁ ባለሙያ ኃላፊነት እንዲዘጋጅ አስገደደች። ክምችትም በእርግጠኝነቱ ልክ ተከፋፍሎ ይገለጻል፦ በጥቂት ጉድጓዶች ብቻ የተገመተ፣ በርከት ባሉት የተመላከተ፣ ተቀራርበው በተቆፈሩት የተለካ። ከእነዚህ ባሻገር፣ ከወጪው ጋር ተሰልቶ ትርፍ እንደሚያስገኝ የተጠናው ብቻ ለብቻው ይቆማል። ዜና ላይ ሁሉም «ክምችት» ተብለው በአንድ ስም ሲጠሩ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ለዚህ እኛ ጋዜጠኞችም ከወቀሳ አናመልጥም።

በእኔ ግምት ግን ለአነስተኛ ባለሀብት ማጭበርበር ዋነኛው አደጋ አይደለም። ዋነኛው አደጋ ወርቁ በእርግጥ ኖሮ ሳለ የሚመጣው ነው። በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው ቱሉ ካፒ ከ1 ሚሊዮን አውንስ በላይ ወርቅ እንዳለው በጥናት የታወቀ ቦታ ነው። የማዕድን ማውጣት ፈቃዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ በገንዘብ ማፈላለግና በጸጥታ ችግር ዓመታት አለፉ፤ በለንደን ገበያ የተመዘገበው ባለቤቱ ኩባንያም በዚህ መሃል በተደጋጋሚ አዳዲስ አክሲዮን ሸጧል። አዲስ አክሲዮን በወጣ ቁጥር፣ ተጨማሪ ካልገዛ በቀር፣ የቀድሞው ባለድርሻ እጅ ላይ ያለችው ቁራሽ ትቀጥናለች። ጂኦሎጂው ትክክል ሆኖ ባለድርሻው ሊከስር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ የሚቀጥለው መግለጫ ሲደርስዎ ርዕሱን አልፈው ከታች ያለውን ሠንጠረዥ ይክፈቱ። ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የስንቱስ ውጤት ወጣ? እውነተኛው ውፍረት ተጽፏል? ከአማካዩ ውስጥ ያችን አንዲት ሀብታም ግማሽ ሜትር ሲያወጡ ምን ይቀራል? ቀጥሎም የኩባንያውን የመጨረሻ የሂሳብ ሪፖርት ይፈልጉና ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር እንደሚበቃ ያስሉ። የሦስት ወር ብቻ ከሆነ፣ አዲስ የአክሲዮን ሽያጭ መቃረቡ አይቀርም።